ከደጋ የወረደው ቀርከሃ

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ እንጅባራ በረዶ ጣለ። ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጀበና ውኃ እስኪፈላ እንኳ አይሆንም። የቆርቆሮው ጩኸት ግን ጆሮ ይበጥስ ስለነበር የልጅ ልጄ ሰናይት ከመደቡ ዘላ ተነሳችና ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች። «እማማ፣ ይምጡ ይዩ! ግቢው ነጭ በነጭ ሆነ!» እያለች ትስቃለች። እኔ አልተነሳሁም። ጩኸቱ ምንም አላደረገኝም። የደነገጥኩት አባርቶ በሩ ወለል ሲል፣ ሽታው ሲገባ ነው። የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አለበት፤ የጓሮዬ ጎመንም አለበት፤ ከሁሉ ሥር ግን ከከተማው ዳር ካለው ማሳ የመጣ፣ ለስለስና ጣፈጥ ያለ የእሸት ገብስ ሽታ ነበር። በረዶ የወቃው እሸት ሽታ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም። ወተት የያዘው ፍሬ ገና ሳይጠና ሲፈርጥ የሚወጣ ሽታ ነው። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ያዝኩ። ሰናይት መጥታ «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ የጥርባው በረዶ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። «የቱ በረዶ?» አለች። ሰማንያ ዓመት ሊደፈን ምን ቀረኝ፤ ይህን ነገር ለገዛ ልጅ ልጄ ነግሬያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገና ልብ አልኩ። እንግዲህ ልንገራችሁ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ንጉሡ በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ቸኮልን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ይብቃችሁ። ዛሬ ባጃጅ እንደ ንብ የሚተራመስበት የእንጅባራ መንገድ ያኔ ኮሶ በር ነበር የሚባለው። ከመኪና መንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ጠጅ ቤት፣ የገበያተኛ ፈረስ የሚታሰርበት አንድ የወደቀ ግንድ ነበረ፤ የቀረው ጭቃና ጉም ነው። ከኮሶ በር ወደ ጥርባ ስትወጡ የባለቤቴ አገር ይገኛል፤ ሰላሳ ያህል ጎጆ፣ ከጥርባ ሐይቅ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የተሰራጨ። ገበያ ስንወጣ ዶሮ በስሙኒ ይገዛ ነበር። ሽልንግ የያዘች ሴት ጨውም በርበሬም ሸምታ ለልጅ የሚሆን ሸንኮራ ይተርፋታል። የሁላችንም ቀሚስ አቡጀዲ ነው፤ መቀነቱ ብቻ ይለያያል፤ አዲስ አቡጀዲ የለበሰች እንደሆነ ከሩቅ ቀሚሷ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ወንዶቹ ቁምጣና ጋቢ ነው ልብሳቸው። ካኪ ኮት ያለው ሰው በአገሩ ሁለት ወይ ሦስት ነው፤ ከእነዚያ አንዱ የእኔ ቸኮል ነበር። ለሰርጋችን ብሎ ዳንግላ ድረስ ወርዶ ነው ያሰፋው፣ ከሐጂ ይማም ሱቅ። የሐጂ ይማም ሱቅ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ከጥጉ ላይ ነበር፤ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያንቀጫቅጫል፣ ከውስጥ የላምባና የሳሙና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይወጣል፣ እሳቸው ሐጂው ደግሞ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ከመደርደሪያው ኋላ ለገባ ሁሉ አስቀድመው «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ይላሉ። እስኪመልሱላቸው ድረስ ሸቀጥ አያወጡም። እንደዚያ ያለ ነጋዴ ዛሬ የት አለ? ዛሬ ባለሱቁ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚያስተናግደኝ።

አባቴ እንየው ይባላል። አገሩ ከእኛ በላይ ነው፣ ግማሽ ቀን ሽቅብ የሚያስኬድ ደጋ፤ ከአያቱ የወረሰው ሰፊ የቀርከሃ ደን ነበረው። የአገሩ ቅርጫትና ሙዳይ፣ አጥርና ጎተራ ከዚያ ደን ነው የሚወጣው። አማቴ ያዛቸው ደግሞ፣ የቸኮል አባት፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከአንድ ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ፣ በዓል ሲሆን ፈረስ እኩል የሚጋልቡ። እኔና ቸኮልን ያጋቡን እነሱ ናቸው። በሰርጋችን ቀን ግን ነገር ተበላሸ። አባቴ ከጥሎሹ በላይ ብሎ አንዲት ዳማ ባዝራ ሰጠን፤ እንደ ልጁ የሚወዳት ፈረስ ነበረች። ያዛቸው አረቄ ጠጥቷል። በሰው ሁሉ ፊት ፈረሷን ዞሮ ዞሮ አያትና «እንየው፣ ይቺ ታነክሳለች እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሰውም ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ከተቀመጠበት ተነስቶ የፈረሷን ልጓም ያዘና «እንግዲያው የምታነክሰዋን ይዤ ልሂድ። ፈረሴም እኔም ከዚህ ደጅ አንደርስም» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣም። ያዛቸውም ኩሩ ነው፤ «በቀልድ የተቆጣ ሰው ራሱ ይመለስ» አለ። እናቴ በገበያ ቀን ተደብቃ እየመጣች ታየኝ ነበር፤ ከጋቢዋ ሥር ድንች ደብቃ ታቀብለኝና ሳትጠግበኝ ትመለሳለች። እኔ በሁለቱ መሃል ቀረሁ። አባቴን ሳስብ አማቴ ያስጠላኛል፤ አማቴ ደግሞ ለእኔ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማለዳ ማለዳ እሳቱን አንድዶልኝ ነው ወደ እርሻ የሚወጣ።

በረዶው የወረደ ቀን የእርግዝናዬ ስምንት ወር አልፎ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ገብሱ ፍሬ ይዞ አንገቱን ደፍቷል፤ ሌላ ሦስት ሳምንት ቢያገኝ ይታጨዳል። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ማዶ ሰማዩ እንደ በለዘ ሰውነት ጠቆረ። መጀመሪያ ንፋስ መጣ፤ ዞሮ የሚነሳ ንፋስ፣ እንደ እንዝርት የሚሾር። የጎረቤታችን የእትዬ ስንዱ ጣራ ሲነሳ በዓይኔ አየሁ፤ እንደ ኮፍያ ብድግ ብሎ ተነሳና ገደል ገባ። ቀጥሎ በረዶው። የዶሮ እንቁላል ያህል ነው ስላችሁ ሰናይት እንዳደረገችው አትሳቁ። ግድግዳችን አርጅቶ ነበር፤ ዝናቡ ሲያርሰው ንፋሱ ሲገፋው ተንበረከከ። ቸኮል እኔን ከምሰሶው ሥር አስቀምጦ በላዬ ላይ ተደፋብኝ፤ ጀርባው ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ እንደ ኑግ ጠቁሮ ከረመ። ሲያባራ ወጣን። ዝም ያለ ነገር ነው፤ ወፍ የለም፣ ውሻ የለም። ያ ሽታ ብቻ ነበር፣ የእሸቱ። ማሳው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከሰላሳው ጎጆ የቆመው ሁለት ነው፤ እነሱም ጣራ የላቸውም። ከሰው ማንም አልሞተም፣ ተመስገን፤ ከበግና ከጥጃ ግን ያለቀው አልቋል። እትዬ ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ግን የአገሩን ልጅ ሁሉ በእጇ የተቀበለች አዋላጅ ናት፤ ከፍርስራሽዋ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየችና ወደ ሆዴ ተመለከተች። «አንቺ ልጅ፣ ለትንሽ ጊዜ ቻይው። አሁን ቦታ የለንም» አለችኝ። በዚያች ሰዓት የሳቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

የዚያን ዕለት ሁላችንም ከማርያም ደጀ ሰላም ተጠለልን። በማግስቱ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መከሩ። ከየትም ይመጣል ብለው የሚጠብቁት ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ሬዲዮ ሰምቶ የሚደርስልን ማን አለ? ምሰሶዎቹ ከፍርስራሹ ይወጣሉ፤ ድንቹም ከመሬት ሥር ስለሆነ በረዶው አላገኘውም፣ ትንንሽ ቢሆንም ይበላል። የጎደለው የጣራ ሣርና የግድግዳ እንጨት ነው። የእኛ አገር ሣር ከጭቃው ጋር ተለውሷል። ቸኮል ተነሳና «ሣሩን እኔ ዳንግላ ወርጄ እሞክራለሁ፤ በዚያ በኩል በረዶ አልጣለም ይላሉ። ሐጂ ይማም ያውቁኛል» አለ። «ለግድግዳውስ?» አለ አንዱ። ለሰላሳ ቤት የሚበቃ ቀርከሃ በቅርብ ያለው ሰው አንድ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ሰው ሁሉ ወደ ያዛቸው አየ። ያዛቸው መሬት መሬት እያየ በበትሩ ጭቃውን ይጭራል። በዚያች ሰዓት አዘንኩለት። ዓይኑን አቅንቶ ሰው ማየት እያቃተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቸኮል ወደ ዳንግላ ሲወርድ እኔ ወደ ደጋ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን እትዬ ስንዱ ከመንገድ ደረሰችብኝ። «ብቻሽን ከመንገድ ብትወልጂ ማን ይቀበልልሻል?» አለችና በትሯን ይዛ ቀደመች። ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ቀኑን ሙሉ ወሰደብን። ከቀርከሃው ደን ስንደርስ ጉም ወርዶ፣ ቅጠሉ ጠብ ጠብ ይላል። አባቴ ከአጥሩ በር ቆሞ ነበር። በሁለት ዓመት ጢሙ ሸብቷል። አየኝ፣ ሆዴን አየ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ግቢ» አለኝ፤ በአማርኛ። ይህ ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ቤታችን አገውኛ ነው የሚነገረው፤ አባቴ አማርኛ የሚናገረው ከዳኛ ፊት ሲቆም፣ ወይም መንገደኛ ውኃ ሊጠይቀው ሲመጣ ነው። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በአገውኛ ስታለቅስ፣ እኔ ዓይኔ ከእሱ ላይ ነበር።

ድንች ቀረበልን፣ እግራችንን አጠቡን። አባቴ የሆነውን ሁሉ ከእትዬ ስንዱ አፍ ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣

«እዚህ ትወልጃለሽ። የበኩር ልጅ ከእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ደንቡም ይህ ነው» አለ።

«አባዬ፣ ማደሪያ ፍለጋ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?»

«ቀርከሃ።»

እሳቱን ቆሰቆሰ። «ለያዛቸው?»

«ለሰላሳ ቤት። እሳቸው አንዱ ናቸው።»

«ቀርከሃ በመስከረም አይቆረጥም። ውኃ እንደያዘ የተቆረጠ ይነቅዛል። ይህን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ።»

«ይንቀዝ፣ አባዬ። የነቀዘውን በበጋ ሌላ ቆርጠን እንለውጠዋለን። ዝናብ ሲመታው ያደረ ሕፃን ግን በምን ይለወጣል? ከደጀ ሰላሙ ስድስት አራስ ልጅ አለ።»

እትዬ ስንዱ እንደ ልማዷ ጣልቃ ገባች፤ «አያ እንየው፣ በዚያ ሰርግ እኔም ነበርኩ። ሲሳቅ ስቄያለሁ። የእኔንም ጣራ ንፋስ ወሰደው፤ ቅጣቴን አግኝቻለሁ፣ ካሳ ካነሰዎት ይጨምሩብኝ።» እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን ተነስቶ ወጣ። ዳማዋን ከበረት ሆኖ ሲያነጋግራት ሰማሁት፤ እሷን በአገውኛ ነው የሚያናግራት።

ጠዋት ስነሳ የለም። «ጎህ ሳይቀድ ወጣ፤ የት እንደሚሄድ አልነገረኝም» አለች እናቴ። ፀሐዩ እስኪሞቅ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። እናቴ እንድቀር እጄን ይዛ ለመነችኝ። ልቀር ፈልጌም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ቤቱ ይሞቃል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የእናቴ እጅ አለ። ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ተኝቼ የደጀ ሰላሙን ሰዎች ማሰብ የምችል አልመሰለኝም። ወረድን። መንገዱን በሙሉ ሳለቅስ ወረድኩ፤ እትዬ ስንዱ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ።

ከተመለስን በሁለተኛው ቀን ቸኮል መጣ። መጀመሪያ የታየን ከኮሶ በር በኩል ሽቅብ የሚንፏቀቅ የሣር ክምር ነው፤ ከክምሩ ሥር ፈረስና ጋሪ አለ። ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። ከፊተኛው ክምር ላይ ሐጂ ይማም ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቸኮል ሱቁ ሲገባ ሐጂ እንደ ልማዳቸው «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት፤ «ከደጀ ሰላም ነን፣ ጣራ የለንም» አላቸው። ያን ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ከጋሪ ማቆሚያው መሃል ቆሙና «ዛሬ ጭነት የለም፤ የዛሬ ጭነት ሣር ነው» አሉ። ጋሪ ነጂዎቹ ሳይከራከሩ ሄዱ አለ ቸኮል። ሣሩን ያጨዱት የዳንግላ ዙሪያ ገበሬዎች ናቸው፤ ጨውና ብርድ ልብስ ደግሞ ከየሱቁ ተሰበሰበ። ሐጂ ከክምሩ ላይ ሲወርዱ ወገባቸው ተይዞ ቀጥ ማለት አቃታቸው። «እንጉዳይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» አሉኝ እንደ ጎበጡ። በስሜ ከዚያ በፊት ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

ሣሩ መጣ፤ ግድግዳ የሌለው ሣር ግን ምን ያደርጋል? ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተከምሮ ተኛንበት። ሣሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ድንች ስንልጥ ከላይ ከመንገዱ አንድ ድምፅ ሰማን። ሲሲሲ የሚል፣ ደረቅ ነገር በድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ። ቀጥ ብለን ቆምን። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የፈረስ ጆሮ ወጣ፣ ቀጥሎ አባቴ። ዳማዋን ይስባል፤ ከግራና ቀኝዋ የታሰረው ቀርከሃ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ከእሱ ኋላ ፈረስና ሰው፣ ፈረስና ሰው፤ የጭራው መጨረሻ አይታይም። ደጋው በሙሉ ወርዷል። ያን ቀን ጠዋት ከቤት የወጣው የየጎረቤቱን ደጅ ሊመታ ኖሯል። ዳማዋም አታነክስም፤ እንደ ሙሽራ ነው የምትረግጠው።

ሰው እልል አለ። ያዛቸው ግን ጠፋ። ፈርቶ ሸሸ ብዬ አፈርኩ። ወዲያው ከፍርስራሻችን በኩል መጣ፤ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሟል፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ከአባቴ ፊት ደርሶ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል አባቴ ክንዱን ያዘው።

«ያዛቸው፣ ይሄ ድንጋይ ይቆየንና ምሰሶ ያዝልኝ። ሰው ያንሰኛል» አለው።

ያዛቸው ድንጋዩን አላወረደም። «እንየው፣ ያን ቀን...»

«ሰምቻለሁ። ከመንገድ ላይ አኑረው፤ ለእንጉዳይ ጉልቻ ይሆናታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በአገውኛ፣ ልክ በልጅነቴ ከሜዳ ስመለስ እንደሚለኝ አድርጎ፣ «በልተሻል?» አለኝ። አቀርቅሬ ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

በየተራ ተሠራ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ መጀመሪያ የእትዬ ስንዱ ይሠራ፣ ቀጥሎ ሕፃን ያላቸው፣ መጨረሻ የያዛቸውና የልጄ። «ለልጄ ብዬ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ» አለ። አልዋሽም፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ሆዴ እዚህ ደርሶ የመጨረሻ መሆኔ። ኋላ ግን ሰው ሁሉ «የእንየው ልጅ» እያለ በሚያየኝ ዓይን ውስጥ ቅሬታዬ ሟሟ። የደጋዎቹ ወንዶች ቀርከሃውን ይሰነጥቃሉ፤ ስለቱ ሲገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጮኸ ይከፈታል። ሴቶቹ ማገሩን ይሸምናሉ፣ ልጆች ጭቃ ይረግጣሉ። የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች ሣር ሰቅለው ይከድናሉ፤ ጣራ ከላይ፣ እነሱ ከላይ፣ ዘፈኑም ከላይ ነው የሚመጣ። አንዱ ነጂ በራሱ ያወጣውን ግጥም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

ቀርከሃው ከደጋ፣ ሣሩም ከዳንግላ፣
አንድ ላይ ታሰሩ ላይለዩ ኋላ።

ምግባችን ድንች ነው፣ በጨው። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሰፌድ ያነሳል፤ የማን እጅ አረደው የሚባል ነገር የለበትምና። ሐጂ ይማም አንድ ቀን ድንቻቸውን እያቀዘቀዙ «ሱቅ ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ የጣመኝ ምሳ አላስታውስም» አሉ። ለዘር የሚሆን ገብስ ከጎረቤታችን አገር ከአዘና በኩል መጣልን፤ ማን እንደላከው በስም የምናውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ ሰናይት «ማን አስተባበረው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ሰው ከሰው ሰማ፣ ሰው ለሰው ነገረ፤ በቃ።

አባቴ እንዳለው ቀርከሃው ነቀዘ። በሦስተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ውስጥ ነቀዙ ሲፈጭ ይሰማን ነበር፤ ቅርርር፣ ቅርርር። ጠዋት ከግድግዳው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ነገር እጠርጋለሁ። በበጋ የደረቀ ቀርከሃ ተቆርጦ አንድ በአንድ ተለወጠ፤ ያንንም አባቴ ነው ያወረደው። እሱና ያዛቸው ያረጁት በዚያ ግድግዳ ሲከራከሩ ነው፤ አንዱ «ማገሩ ሰፋ» ይላል፣ ሌላው «ጠበበ»። ዛሬ ሁለቱም ከማርያም ቅጥር አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ቸኮልም ሄዷል። ግን ወደዚያ አልሂድ፤ የጀመርኩትን ልጨርስ።

የመጨረሻው ቤት፣ የእኔ ቤት፣ የተከደነ ቀን የደጋዎቹ ሰዎች መመለሻ ሆነ። ያዛቸው አባቴን ልሸኝ ብሎ ወጣ። እኔ ቆሜ አየኋቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳማዋን በመሃል አድርገው እያወሩ ሽቅብ ይሄዳሉ። ከጅረቱ ሲደርሱ እንደሚሰነባበቱ ነው። ተሳሳሙ። ከዚያ አባቴ «ብቻህን አትመለስም፤ እኔም ልሸኝህ» አለና ያዛቸውን ይዞ ወደ እኛ ወረደ። ከቤታችን ደጅ ሲደርሱ ያዛቸው «እንዲህማ አይሆንም» አለና እንደገና አባቴን ይዞ ወጣ። እንደዚህ ሲሸኛኙ ሁለት ጊዜ አየኋቸው። በሦስተኛው አላየሁም፤ ምጡ ያዘኝ።

የእኔ ቤት ጭቃው ገና እርጥብ ስለነበር እትዬ ስንዱ ወደ ራሷ ቤት ወሰደችኝ። የመጀመሪያው የተሠራ ነውና ደርቋል፤ መሬቱ ላይ ሣር ተጎዝጉዟል፣ እሳት ነዷል። ቸኮል ከውጭ ሆኖ ካኪ ኮቱን በመስኮቱ ቀዳዳ አቀበለን፤ ልጄ በመጀመሪያ የተጠቀለለችው በእሱ ነው። ሴት ነች፤ ለእሷ እልል ሲባል ከአያቶቿ አንዱም አልሰማም። ሁለቱም አልተመለሱም። ለካ ሲሸኛኙ ጨልሞባቸው ከአባቴ ቤት አድረዋል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ። የአራስ ቤት ነውና ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ከደጁ ቆመው «አንተ ጠይቅ»፣ «ኧረ አንተ ጠይቅ» ይባባላሉ።

«ምን ሆናችሁ? ሴት ናት፣ ደህና ናት!» አለች እትዬ ስንዱ ከውስጥ። «እናንተ ስትሸኛኙ እልልታው አለቀ!»

ያዛቸው ሲያለቅስ ሰማሁት፤ እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንጉዳይ» አለ። «ቤቱ ንፋስ ያስገባል?»

«ትንሽ፣ አባዬ። በራስጌዬ በኩል።»

አባቴ በግራ፣ ያዛቸው በቀኝ፣ ቤቱን መዞር ጀመሩ። እኔ ልጄን እያጠባሁ ተኝቼ መዳፋቸው በጭቃው ላይ ሲሄድ እሰማለሁ፤ ቀስ ብሎ፣ እየዳበሰ፣ ከሁለት ወገን ወደ እኔ እየቀረበ። ከራስጌዬ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

«እዚህ ነው» አለ አባቴ።

«አዎ፣ እዚሁ ነው» አለ ያዛቸው። «በል ጭቃ አምጣ።»

«አንተ አምጣ። እኔ በእጄ ይዤዋለሁ።»

ንፋሱ ቆመ።